አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ልባስ

እ.ኤ.አ. በ1741 ፓሪስ ውስጥ አንትዋን ፌሬን የተባሉ ሐኪም ከሬሳ የወጣ ማንቁርት ወስደው ሁለቱን የጉሮሮ እጥፋቶች አቀራረቡና ከታች በአየር ቧንቧው በኩል ነፉ። ማንቁርቱ ድምፅ አወጣ። ነፍስ የለው፣ ከአንጎል የሚመጣለት ትእዛዝ የለው፤ የተቀራረቡ እጥፋቶችና በመካከላቸው የሚያልፍ አየር ብቻ። ፌሬን ያገኙትን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቀርቡ እጥፋቶቹን ከቫዮሊን ክር፣ እስትንፋስን ደግሞ ክሩን ከሚያስጮኸው ደጋን ጋር አመሳሰሉ። የድምፅ አውታር የምንላቸው እነዚህን እጥፋቶች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙከራው የያዘው እውነት ትልቅ ነበር፤ ድምፅ የሚፈጠረው አየር ሥጋን ሲያርገበግብ ነው። ምሳሌው ግን አንድ ነገር ደበቀ። ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ቢላላ ይወጠራል፣ ቢበጠስ ይቀየራል። የሰው የድምፅ አውታር እንደዚያ አለመሆኑ በግልጽ እስኪታወቅ ከ200 ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬ በቤተ ሙከራ የድምፅ አውታር ልባስ አብቅሎ መትከል የሚለው ሐሳብ እዚህ የደረሰው በዚያ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው።

ሕይወት ያለው ሰው ሲያዜም የድምፅ አውታሩን ለማየት መንገዱን ያሳዩት ሐኪም ሳይሆኑ የዜማ መምህር ነበሩ። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ በለንደን ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የተማሪዎቻቸው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ በዓይናቸው ለማየት የጓጉ ሰው ናቸው። በ1854 ፓሪስ በነበሩበት ወቅት የፀሐይ ብርሃን ሲያንጸባርቅ አይተው ሐሳቡ መጣላቸው። ሻሪየር ከተባለው የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ሄደው እጀታው ረጅም የሆነ ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት በ6 ፍራንክ ገዙ። መስታወቱን በሙቅ ውኃ አሙቀው፣ አድርቀው ወደ ጉሮሯቸው አስገቡ፤ በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይን ብርሃን አቅጣጫ መሩበት። የራሳቸው የድምፅ አውታሮች ሲከፈቱና ሲገጥሙ በፊታቸው ታዩ። በማግስቱ ዓመት ምልከታቸው ለንደን ውስጥ በሮያል ሶሳይቲ ፊት ተነበበ። ጋርሲያ 101 ዓመት ኖረው የእሳቸው መስታወት በየአገሩ የጉሮሮ ሐኪሞች መሣሪያ ሲሆን ለማየት በቁ።

መስታወቱ ግን ላይን እንጂ ውስጥን አያሳይም። የሴት የድምፅ አውታር ስትናገር በአንድ ሴኮንድ ወደ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የወንድ ከ100 ጊዜ በላይ፤ ከፍተኛውን ቅኝት የምታዜም ሶፕራኖ ደግሞ ከ1,000 ጊዜ ታልፋለች። ይህን የሚያህል ፍጥነት ዓይን አይከተለውም። ስለዚህ ሌላ ክርክር ተነሣ። በ1950 ራውል ሁሶን የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እያንዳንዱ ርግብግቢት ከአንጎል በነርቭ የሚመጣ ትእዛዝ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1958 ደግሞ የሆላንዱ ያንቪለም ቫን ደን በርግ ተቃራኒውን በዝርዝር አስረዱ። የአንጎል ድርሻ አውታሮቹን ማቀራረብና መወጠር ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠሩት የሳንባ አየር ግፊትና የሕብረ ሕዋሱ ልስላሴ ናቸው፤ አየሩ ይገፋቸዋል፣ እነሱ በመለጠጥ ባሕርያቸው ይመለሳሉ።

ይህ ክርክር ለምሁራን ብቻ የሚመስል ቢሆንም የኋላው ሕክምና ዕጣ የተወሰነው በእሱ ነው። ሁሶን ትክክል ቢሆኑ ኖሮ ከውጭ ተሠርቶ የሚተከል ሕብረ ሕዋስ፣ ነርቭ ስለማይኖረው፣ ዝም እንዳለ ይቀር ነበር። ድምፁን የሚያወጣው አየር ከሆነ ግን ሕብረ ሕዋሱ ነርቭ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ልስላሴና ጥንካሬ ነው።

ታዲያ የሚርገበገበው ምኑ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው ከደቡብ ጃፓን፣ ከኩሩሜ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዶክተር ሚኖሩ ሂራኖ የድምፅ አውታርን በስሱ እየቆራረጡ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አንድ ወጥ ነገር ሳይሆን ንብርብር አገኙ። ከላይ ስስ ሽፋን አለ። ከእሱ ሥር በጣም ለስላሳ፣ ውኃ የቋጠረ፣ ክሮቹ የላሉ ንጣፍ አለ። ከዚያ ክሮቹ እየጠነከሩ ይሄዱና ጅማት ይሆናሉ፤ ከሁሉም በታች ጡንቻው ይተኛል። ሂራኖ በ1974 ባሳተሙት ጥናት ይህን ሁሉ በሁለት ከፈሉት፤ ልባስና አካል ብለው። ጡንቻው አካሉ ነው፤ ይወጠራል፣ ይላላል። ድምፅን የሚያወጣው በዋናነት ልባሱ ነው። በተኛ ሰው ላይ የተጣለ ነጠላ ነፋስ ሲነካው ከገላው ተለይቶ እንደሚውለበለብ፣ ልባሱም ከጡንቻው ነፃ ሆኖ ማዕበል ይሠራል። ሐኪሞች በልዩ መብራት ሲመለከቱ የሚፈልጉት ይህን ማዕበል ነው። ካለ ድምፁ ጤነኛ ነው፤ ከሌለ አንድ ነገር ተይዟል።

የሚገርመው የልባሱ ስስነት ነው። የሰው ልጅ ንግግር፣ ቅዳሴውም ሆነ ዘፈኑ፣ ልጅን የመጥሪያ ድምፁም፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ባለው በዚያ ለስላሳ ንጣፍ ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ንጣፍ ሲጎዳ ጠባሳ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ነው። የካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምና፣ ሕመምተኛው እንዲተነፍስ በጉሮሮው የገባ ቱቦ፣ አደጋ፣ ለዓመታት የቆየ ኃይለኛ የድምፅ አጠቃቀም ሁሉ ሊያደርሱት ይችላሉ። ጠባሳ ቁስልን ይዘጋል፤ ያንን ልስላሴ ግን አይመልስም። የላሉት ክሮች ቦታ በጠንካራና በተዘበራረቀ የኮላጅን ክር ይያዛል፣ ውኃ የሚቋጥረው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ ልባሱ ከሥሩ ጋር ይጣበቃል። ማዕበሉ ይቆማል። ድምፅ ይሻክራል፣ ይደክማል፣ አንዳንዴም ከሹክሹክታ አያልፍም። ዝናም ከዚህ አያድንም። «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሙዚክ» በተባለው ፊልም ዓለም የሚያውቃት ጁሊ አንድሩስ በ1997 የድምፅ አውታር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ያ የታወቀ የዜማ ድምፅዋ አልተመለሰላትም።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት ለመጠገን የሞከሩባቸው መንገዶች ታሪክ በአብዛኛው የመሙላት ታሪክ ነው። በ1911 ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሩኒንግስ ሽባ የሆነ የድምፅ አውታር ከጓደኛው ጋር እንዲገጥም ፓራፊን ወጉበት። ክፍተቱ ጠበበ፤ ፓራፊኑ ግን ከቦታው የመንሸራተትና ሰውነትን የማስቆጣት ጠባይ ነበረው። በ1960ዎቹ ቴፍሎን ተተካ፤ እሱም ከጊዜ በኋላ ዙሪያውን እብጠት እየፈጠረ ተተወ። ቀጥሎ የከብት ኮላጅን፣ ከሕመምተኛው ከራሱ ሆድ የሚወሰድ ስብ መጡ። እነዚህ ለሽባ አውታር ብዙ ረድተዋል፤ የተከፈተውን ይዘጋሉ፣ አየር በከንቱ እንዳይባክን ያደርጋሉ። ለጠባሳ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። በጠባሳ የተያዘ አውታር ችግሩ መጉደል ብቻ ሳይሆን መድረቅ ነው። የሞላ ነገር ሁሉ ደግሞ አይርገበገብም።

የሂራኖ ግኝት የገባቸው ሐኪሞች አስተሳሰባቸውን ቀየሩ። ባዶውን በምን እንሙላ ከማለት ይልቅ ልባሱ እንደገና እንዲንቀሳቀስ ምን እናድርግ አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓናዊው ዶክተር ኮይቺ ጹኖዳ ከጆሮ በላይ ያለውን ጡንቻ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ቁራጭ ወሰዱ፤ በድምፅ አውታሩ ልባስ ሥር ኪስ ከፍተው ቁራጩን እዚያ አኖሩት። ሥጋው የሕመምተኛው የራሱ ስለሆነ ሰውነቱ አይጠላውም። የድምፁ ለውጥም በአንድ ቀን የሚመጣ አልነበረም፤ ንቅሉ ሥር እስኪሰድና ከአካባቢው ጋር እስኪስማማ ወራት ይወስዳል። ይህ ቀዶ ሕክምና ለብዙ ሰው ረድቷል። ሆኖም ወሰን አለው። ኪስ ለመክፈት ልባስ መኖር አለበት። ልባሱ ራሱ በካንሰር ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የወጣለት ሰው ምን ይደረግለት? የጆሮ አጠገብ ሽፋን ጥሩ ሥጋ ነው፤ ግን በሴኮንድ መቶ ጊዜ እንዲርገበገብ የተፈጠረ ሥጋ አይደለም።

በሌላ በኩል ሙሉውን የመተካት መንገድ ተሞከረ። በጥር 1998 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ዶክተር ማርሻል ስትሮምና ቡድናቸው በሞተር ብስክሌት አደጋ ማንቁርቱ ተሰባብሮ ለ20 ዓመት ገደማ ድምፅ ያልነበረው ሰው የሌላ ሰው ማንቁርት ሙሉ ተከሉለት። ሰውየው ተናገረ። ዜናው ዓለምን አስደነቀ። ከዜናው ጀርባ ያለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ያንን እንግዳ አካል እንዳያጠፋበት የበሽታ መከላከያ አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት። ማንቁርታቸውን ከሚያጡት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ የካንሰር ሕመምተኞች ናቸው፤ የመከላከያ አቅማቸው ሲዳከም ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ልባስ ለጠፋበት ሰው ሙሉ ማንቁርት መቀየርም ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ መፈለግ ተጀመረ፤ ሕዋስን ራሱን ሠራተኛ ማድረግ። በ2011 የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች ከአምስት ሕሙማን ጉንጭ ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚባሉትን የክር ሠሪ ሕዋሳት ወስደው በቤተ ሙከራ አራቡ፤ መልሰውም በጠባሳው ውስጥ ወጉ። በስዊድን ስቶክሆልም እነ ዶክተር ስቴላን ሄርቴጎርድ ከሕሙማኑ ከራሳቸው የአጥንት መቅኒ የተወሰዱ ሕዋሳትን በ16 ሰዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። ሁለቱም አዎንታዊ ምልክት አሳይተዋል። ነገር ግን ልባሱ ጨርሶ ለጠፋበት ሰው የተወጋ ሕዋስ መቆሚያ የለውም። ልባሱ ራሱ፣ ንብርብሩ ሳይጎድል፣ መሠራት ነበረበት።

እዚህ ላይ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዶክተር ናታን ዌልሃምና ባልደረቦቻቸው አንድ መሰናክል ገጠማቸው። ትክክለኛውን ልባስ ለመሥራት ትክክለኛው ሕዋስ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ሕዋስ የሚገኘው ከጤነኛ የድምፅ አውታር ነው። ከጤነኛ ሰው የድምፅ አውታር ላይ ቁራጭ መውሰድ ደግሞ የዚያን ሰው ድምፅ ማበላሸት ነው። ይህን የመሰለ ሥጦታ ከማንም ሊጠየቅ አይችልም።

መልሱ የመጣው ድምፃቸውን ካጡ ሰዎች ነው። ቡድኑ በሕክምና ምክንያት ማንቁርታቸው ከወጣላቸው አራት ሕሙማንና ከአንድ ሬሳ በካንሰር ያልተነካ የድምፅ አውታር ሕብረ ሕዋስ አገኘ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ለዩ፤ የውስጡን ክር የሚሠሩትን ፋይብሮብላስቶችና የላዩን ሽፋን የሚያወጡትን ሕዋሳት። እነዚህን አራብተው በኮላጅን መደብ ላይ አሰፈሯቸው፤ ክር ሠሪዎቹን ከውስጥ፣ ሽፋን ሠሪዎቹን ከላይ። ሁለት ሳምንት ያህል ሲያልፍ በሳህኑ ላይ ሕብረ ሕዋስ ነበር። የላይኛው ሽፋን ተደራርቧል፤ ሥሩ ያለው ንጣፍ ለስላሳ ነው፣ ሲጎትቱት ግን አይበጠስም። በሽፋኑና በንጣፉ መካከል ጀርምንና የሚያስቆጣ ነገርን የሚከለክል ቀጭን ወሰን መሠራት ጀምሯል። ሕዋሳቱ የሚያመርቷቸው ፕሮቲኖች ሲመረመሩ ብዙዎቹ በተፈጥሮ የድምፅ አውታር ውስጥ ያሉት ሆነው ተገኙ። ማንም አጠገባቸው ቆሞ አላዘዛቸውም። በሰውነት ውስጥ ሲሠሩ የኖሩትን ሥራ በሳህን ላይም ሠሩት።

ቀጣዩ ጥያቄ ይርገበገባል ወይ የሚለው ነበር። ይህን ለመመለስ ተመራማሪዎቹ ወደ ፌሬን ዘዴ ተመለሱ። ከሞተ ውሻ የወጣ ማንቁርት ወሰዱ። የአንዱን ወገን ልባስ አንሥተው በምትኩ ያበቀሉትን ተከሉ፤ ሌላውን ወገን እንደነበረ ተዉት። ማንቁርቱን ሰው ሠራሽ የአየር ቧንቧ ላይ ገጠሙና ሙቅና እርጥብ አየር ነፉበት። ድምፅ ወጣ። ጉሮሮና አፍ ስለሌለው ቃል የሚመስል ነገር አልነበረም፤ ጥሬ ጩኸት ነው። ማስረጃው ያለው ግን በፈጣኑ ካሜራ ውስጥ ነበር። የበቀለው ልባስ ከተፈጥሮው ጋር እየተያየ፣ እየገጠመና እየተለያየ፣ ማዕበሉን ሠራ። ድምፁም የተፈጥሮ ልባስ ብቻ ካለው ማንቁርት ድምፅ ጋር የተቀራረበ ሆነ። ነርቭ የሌለው፣ ከሳህን የመጣ ሥጋ በአየር ብቻ ተርገበገበ፤ ከቫን ደን በርግ ማብራሪያ የሚጠበቀውም ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ሰውነት ይቀበለዋል ወይ የሚለው ነው። የሰው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እንዲኖራቸው የተደረጉ አይጦች ላይ ሕብረ ሕዋሱ ተተከለ። የመጣው ከሌላ ሰው ቢሆንም የአይጦቹ መከላከያ አልገደለውም፤ ንቅሉ ኖረ፣ ቀጠለ። ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ከዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ የምናውቀው አንድ መልካም ነገር አለ፤ የሰው ሰውነት አንዳንድ ሕብረ ሕዋስን ከሌሎች ይልቅ ይታገሣል። የድምፅ አውታር ልባስም እንዲህ ከሆነ ከጥቂት ሰጪዎች የተገኘ ሕዋስ ተራብቶ፣ ተቀምጦ፣ ለብዙ ሰው ሊደርስ ይችላል። ሥራው በኅዳር 2015 «ሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ታተመ።

ያልተፈታው ጉዳይ የብስለት ነው። የበቀለው ልባስ የውስጥ ክር አሠራሩ ከአዋቂ ሰው ልባስ የቀለለ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን አልደበቁም፤ አልተገረሙበትምም። ሕፃን ሲወለድ የድምፅ አውታሩ እንደ አዋቂ የተነባበረ አይደለም፤ ንብርብሩ ቀስ በቀስ እየተለየ ሄዶ የሚጠናቀቀው በጉርምስና ዕድሜ ነው። ተፈጥሮ ከአሥር ዓመት በላይ የምትፈጅበትን ሥራ ሁለት ሳምንት አይጨርሰውም።

ሂራኖ በሠሩበት በኩሩሜ የተገኘ ሌላ ጥናት ግን ተስፋ ይሰጣል። ዶክተር ኪሚኖሪ ሳቶና ባልደረቦቻቸው ከተወለዱ ጀምሮ ድምፅ አውጥተው የማያውቁ የአዋቂ ሰዎችን የድምፅ አውታር ሲመረምሩ ንብርብሩ እንደሚገባው አለማደጉን አዩ። ዕድሜ ብቻውን አላበሰለውም። ልባስን ልባስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ርግብግቢቱ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ሕፃን የሚያለቅሰውና የሚኮላተፈው፣ በኋላም የሚያወራውና የሚዘምረው መሣሪያውን እየሠራ ነው። ይህ ለንቅሉም እውነት ከሆነ ሐኪሙ የሚተክለው የተጠናቀቀ ልባስ መሆን የለበትም። ተቀባዩ በመናገር ሊያበስለው ይችል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው በሰው ላይ የሚደረግ ረጅም ክትትል ነው። ያበቀሉት ልባስ ገና በየሆስፒታሉ የሚሰጥ ሕክምና አልሆነም፤ ደኅንነቱና ዘላቂነቱ ደረጃ በደረጃ መረጋገጥ አለበት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ የመሣሪያው ርቀት ሳይሆን የትኩረቱ ዓይነት ነው። ድምፅን ለመጠገን የተሞከሩት አብዛኞቹ ነገሮች ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ ፓራፊን፣ ቴፍሎን፣ የከብት ኮላጅን። መንገዱ የተከፈተው ሰዎች ሥጋው ራሱ ምን እንደሚሠራ በትዕግሥት ማየት ሲጀምሩ ነው። አንዱ ነፋበት፣ ሌላው መስታወት አስገባ፣ ሌላው ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ አየ፤ በመጨረሻ ሕዋሱ ራሱ እንዲሠራ ቦታ ተሰጠው። ድምፃቸውን ያጡ አራት ሰዎችና አንድ ሟች ደግሞ ያለ እነሱ የማይሆነውን ሰጡ። የእነሱ ሕዋስ አንድ ቀን ለማያውቁት ሰው የሚናገርበት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያ ድረስ ይህ ታሪክ ለእኛ ለምንናገረው ሁሉ የሚለን ነገር አለ። አንዴ ጠባሳ የያዘውን ልባስ እንደነበረ የሚመልስ ሕክምና ዛሬ የለም። ስለዚህ ሳይጎዳ መጠበቁ፣ ሲታመምም ቶሎ መድረሱ ዋጋው ከፍተኛ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ድምፅ ቢዘጋ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ያለ ጉንፋን የመጣ፣ ወይም ሳምንታት አልፈው ወደ ወር የተጠጋ መጎርነን ግን «ድምፄ ደክሞ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መምህር፣ ካህን፣ ዘማሪ፣ ነጋዴ፣ ማንም ቢሆን ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስታየት አለበት። የሚያጨስም ሰው ይበልጥ። ሐኪሙ በደቂቃዎች ውስጥ የድምፅ አውታሩን በካሜራ ማየት ይችላል፤ በጊዜ የተደረሰበት ትንሽ እብጠትም ሆነ ጅማሬ ላይ ያለ ካንሰር ልባሱን ብዙ ሳይነካ ሊታከም የሚችልበት ዕድል አለው።